ጠባብ በሆነ ስፍራ የመረብ ሽቦ አጥርን ስለ መወጠር



«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለውን የአገራችንን ተረት የማያውቅ ገበሬ የለም። ተረቱ የሚነገረው ለችኩል ሰው ነው፤ የጓሮ አትክልት ለሚያለማ ሰው ግን እንደ ቃሉ እውነት ነው። አንድ መደብ የጎመን ወይም የሽንኩርት ችግኝ ለማድረስ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውኃ ማጠጣትና መንከባከብ ያስፈልጋል። አንዲት ፍየል ግን ይህን ሁሉ ድካም ቡና እስኪፈላ ድረስ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ የጓሮ ልማት የሚጀመረው ከአጥር ነው።

የመረብ ሽቦ ገንዘብ የወጣበት ነገር ነው። ነገር ግን በደንብ ካልተወጠረ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ ማለት ነው። የላላ ሽቦ ፍየል ትደገፈዋለች፤ ጥጃ ይተሻሸዋል፤ ዶሮም ከሥሩ ትሾልካለች። ብዙ ገበሬዎች ሽቦውን ሳይወጥሩ የሚተዉት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ጓሮው ጠባብ ሆኖ የሚስቡበት ቦታ ስለሚያጡ ነው። በዛሬው ትምህርታችን ይህ ችግር እንዴት እንደሚወገድ እንመለከታለን።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር

በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ሽቦ መወጠርን የተማርሁት በሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። ከመጨረሻው ቋሚ ወዲያ 3 ወይም 4 ሜትር ርቆ ጠንካራ ችካል ይተከላል፤ መሳቢያው በችካሉ ላይ ይታሰራል፤ ሽቦውም ቋሚውን አልፎ ወደ ችካሉ ይሳባል። አሠራሩ ትክክለኛ ነው፤ ዳሩ ግን ከቋሚው ወዲያ ባዶ መሬት ከሌለ አይሆንም።

ሥራ ከጀመርሁ በኋላ በሰሜን ሸዋ ደጋ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ጓሯቸውን ሊያጥሩ ርዳታ ጠየቁኝ። በአንደኛው ጫፍ የማዕዘኑ ቋሚ ከድንጋይ ቤታቸው ግድግዳ የሚርቀው ሁለት ስንዝር ብቻ ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከቋሚው ቀጥሎ የጎረቤት ገብስ ነበር። እኔም የተማርሁትን ብቻ በመከተል ችካሉን ከገብሱ ውስጥ ተከልሁ። አራት ሰዎች ሆነን ስንስብ ገብሱ ተረገጠ። ገመዱን ያሰርነው በሽቦው ላይኛ ክፍል ብቻ ስለ ነበረም ላዩ ተወጥሮ ታቹ ላላ ቀረ። ድጋፍ ያላደረግሁለት ቋሚም ወደ ሽቦው አዘነበለ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ግልገል በታች ሾልካ ገባችና አንድ መደብ ጎመን ጨረሰች። እኒያ እናት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ለተረገጠው ገብስ ግን ከጎተራቸው ሰፍረው ለጎረቤታቸው ከፈሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ዕዳውን የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

በኋላ ያንኑ አጥር ፈትተን እንደገና ሠራነው። በዚያን ጊዜ የቆምነው ከጓሮው ውስጥ፣ ከአጥሩ መካከል ላይ ነበር። የጎረቤት መሬት አልተረገጠም፤ ሽቦውም ከላይ እስከ ታች እኩል ተወጠረ። ትምህርቱ በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ከጫፍ ቋሚው ወዲያ ቦታ ከሌለ ሽቦው የሚወጠረው ከመካከል ነው።

ስለ ሽቦው ዓይነት

አሠራሩ እንደ ሽቦው ዓይነት ጥቂት ስለሚለያይ አስቀድሞ ዓይነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ዓይኑ ሰያፍ የሆነ መረብ። ይህ እንደ ጸጉር ጉንጉን እየተጠማዘዘ እርስ በርሱ የተያያዘ ሽቦ ነው። ከጠመዝማዛዎቹ ሽቦዎች አንዱ እየተሽከረከረ ሲወጣ መረቡ ሳይቆረጥ ከሁለት ይከፈላል፤ ያው ሽቦ ተመልሶ ሲገባም ይጋጠማል። ስለዚህ ከመካከል ለመወጠር ከሁሉ ይልቅ የሚመች ይህ ነው።

2ኛ/ ዓይኑ አራት ማዕዘን የሆነ የተቋጠረ መረብ። በአግድሞቹ ሽቦዎች ላይ በየቦታው ትንንሽ ሞገድ የሚመስል መታጠፊያ አለ። መታጠፊያው ሽቦው ሲሞቅና ሲበርድ፣ ከብትም ሲገፋው፣ እንደ ላስቲክ እንዲመለስ የተደረገ ነው።

3ኛ/ የዶሮ ሽቦ። ይህ ቀጭንና ዓይኑ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። በኃይል ከተሳበ ቁመቱ እየቀነሰ ወገቡ ስለሚሰረጉድ በእጅ ብቻ ተስቦ ከላይና ከታች በተወጠረ ቀጥ ያለ ሽቦ ላይ መታሰር አለበት።

ስለ ጫፍ ቋሚዎች

ሽቦ ከቋሚው የበለጠ ሊጠነክር አይችልም። የጫፍ ቋሚ ውፍረቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚህ ውስጥ ሢሶው፣ ማለት 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሬት ይገባል። የመካከል ቋሚዎች ከዚህ ቢቀጥኑ አይጎዳም፤ በየ2 ሜትር ተኩል ወይም በየ3 ሜትሩ ይተከላሉ። ባሕር ዛፍ የሚተከል ከሆነ ቅርፊቱ ተልጦ አስቀድሞ ይድረቅ።

የተወጠረ ሽቦ ቋሚውን የሚጥለው በሁለት መንገድ ነው። አናቱን ወደ ሽቦው ይስበዋል፤ ሥሩን ደግሞ ወደ ኋላ ያስወጣዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሲሞላ ትልልቆቹ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ቦታቸውን ይዘው መቀመጥ አለባቸው። ከጉድጓዱ ሥር ያለው ድንጋይ ከሽቦው በተቃራኒ ወገን ይሁን፤ ከመሬት ፊት አጠገብ ያለው ድንጋይ ደግሞ በሽቦው ወገን ይሁን። በመካከሉ አፈር በየስንዝሩ እየተጨመረ በዲጂኖ ጀርባ ይጠቅጠቅ።

በሰፊ ቦታ ቋሚውን ከውጭ በኩል በሽቦ ወጥሮ መያዝ ይቻላል። ከውጭ በኩል ግድግዳ፣ መንገድ ወይም የሰው መሬት ካለ ግን ድጋፉ ከውስጥ መሆን አለበት። አንድ ጠንካራ እንጨት በአጥሩ መስመር ላይ ሰያፍ ሆኖ፣ አናቱ ቋሚውን ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ ላይ ይግፋ፤ እግሩም 2 ሜትር ርቆ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረፍ። ድጋፉ አጭርና ቀጥ ያለ ከሆነ ቋሚውን ከመያዝ ይልቅ ከጉድጓዱ እንደሚነቅለው ልብ በሉ።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ፒንሳ፤ መዶሻ፤ ጥቁር ሽቦ፤ የመረቡን ያህል ቁመት ያላቸው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ፌሮዎች፤ ሁለት ጠንካራ ገመዶች፤ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ጠንካራ ዱላዎች፤ ወፍራም የእጅ ጓንት። ፓራንኮ የሚያውሳችሁ ካገኛችሁ ሥራው ይቀላል፤ ባይገኝም ገመድና ዱላ ይበቃል። የሚለጠጥ የናይለን ገመድ ግን አይመረጥም፤ ኃይሉ ለሽቦው ሳይደርስ ገመዱን በመሳብ ያልቃል።

የአሠራሩ ተራ

ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ሰያፍ ዓይን ያለው መረብ እንውሰድ።

1ኛ/ በመጀመሪያ ከላይና ከታች ቀጥ ያለ ሽቦ ከጫፍ ቋሚ እስከ ጫፍ ቋሚ ይዘርጋ። ይህም ሽቦ ራሱ ከመካከል ይወጠራል። ጫፎቹ እንደ ቀለበት ይታጠፋሉ፤ በቀለበቶቹ ውስጥ ጥቁር ሽቦ በድርብ ዞሮ ይታሰራል፤ በድርቡ መካከል ቁራጭ ፌሮ ገብቶ ይጠመዘዛል።

2ኛ/ መረቡ ከሁለት ይከፈል። አንዱ ክፍል ከአንደኛው ጫፍ፣ ሌላው ከሁለተኛው ጫፍ ይጀምር። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ ፌሮ ከላይ እስከ ታች በመረቡ ዓይኖች ውስጥ ይሰካና በጥቁር ሽቦ ከጫፍ ቋሚው ጋር ቢያንስ በአምስት ቦታ ጠብቆ ይታሰር። እንዲህ ከሆነ ኃይሉ በአንድ ዓይን ላይ ብቻ ሳይሆን በመረቡ ቁመት ሁሉ ይከፋፈላል።

3ኛ/ ሁለቱም ክፍሎች በእጅ እየተሳቡ ወደ መካከል ይምጡ። መገናኛው በሁለት ቋሚዎች መካከል ይሁን እንጂ በቋሚ ላይ አይሁን። መረቡ እንዳይወድቅ በመካከል ቋሚዎች ላይ ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ ምስማር ግን ገና አይመታበት። ሽቦው መንሸራተት ካልቻለ መወጠሩ ከመጀመሪያው ቋሚ አያልፍም።

4ኛ/ የቀሩት ሁለት ፌሮዎች በሁለቱ ክፍሎች ላይ፣ ከነጻው ጫፍ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ይሰኩ። በሁለቱ ፌሮዎች መካከል 1 ሜትር ያህል ርቀት ይኑር። ከፌሮዎቹ ወዲህ የተረፉት የመረቡ ጫፎች ለጊዜው ወደ ውጭ ይታጠፉ።

5ኛ/ አንዱ ገመድ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ሌላው 90 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ሁለቱን ፌሮዎች በድርብ ያያይዝ። ገመዱ በዓይኖቹ ገብቶ ፌሮውን ከዞረ በኋላ ሁለቱም ክሮች በሠራተኛው ወገን መውጣት አለባቸው። ከዚያም በእያንዳንዱ ድርብ ገመድ መካከል ዱላ ይግባ።

6ኛ/ ዱላዎቹ ይጠምዘዙ። ሁለት ሰዎች የታጠበ ጋቢ ሲጨምቁ አይታችኋል። ጋቢው በተጠመዘዘ ቁጥር እያጠረ ሁለቱን ሰዎች ያቀራርባቸዋል። ገመዱም እንዲሁ ነው። ከላይ 5 ዙር፣ ከታች 5 ዙር፣ እንደገና ከላይ 5፣ ከታች 5 እየተባለ እኩል ይሂድ። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ የሳትሁት ይህን ነበር፤ ላዩ ብቻ ከተሳበ ታቹ ለግልገል በር ይሆናል።

7ኛ/ ከሚፈለገው ልክ ጥቂት አልፎ ሲወጠር ዱላዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች እንዲቆሙ ተደርጎ ከፌሮው ጋር ይታሰሩ። የታጠፉት የመረብ ጫፎች ተዘርግተው በእጅ ይሳቡ። ተርፎ የሚደራረበው ክፍል ጠመዝማዛ ሽቦውን በማውጣት ይቀነስ፤ ያው ሽቦ በሁለቱ ጠርዞች ዓይኖች ውስጥ እየተሽከረከረ ከላይ እስከ ታች ይግባ። በዚህ ጊዜ መረቡ አንድ ሆነ።

8ኛ/ ዱላዎቹ በዝግታ፣ ከላይና ከታች እየተፈራረቁ ይፈቱ። መገጣጠሚያው ሲይዝ ጥቂት ይላላል፤ በ7ኛው ተራ ከልኩ እንዲያልፍ ያደረግነው ስለዚህ ነው። በመጨረሻ መረቡ ከላይኛውና ከታችኛው ሽቦ ጋር፣ እንዲሁም ከመካከል ቋሚዎች ጋር ይታሰር።

አራት ማዕዘን ዓይን ላለው መረብ ደግሞ በፌሮው ፈንታ መረቡን በመካከላቸው የሚጨብጡ ሁለት ጣውላዎች ከዚህም ከዚያም በብሎንና በዳዶ ይጠብቁ። ጫፎቹ ሲገናኙ እያንዳንዱ አግድም ሽቦ የሌላውን ክፍል የመጨረሻ ቋሚ ሽቦ ዞሮ በራሱ ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ይጠምጠም።

አጥሩ ከ25 ሜትር የበለጠ ርዝመት ካለው በአንድ ጊዜ አይወጠር፤ በድጋፍ የቆመ ቋሚ መካከል ላይ ተተክሎ ይከፈል። እርከን ባለበት ወይም ዳገቱ በሚለወጥበት ስፍራ ሁሉ እንዲሁ ይደረግ። ድጋፍ የሌለው ቋሚ ከጎድጓዳ ስፍራ ላይ ቢተከል ሽቦው ሲወጠር ከመሬት ይነቅለዋል።

ልኩን ማወቂያ

ሰያፍ ዓይን ያለው መረብ በደንብ መወጠሩን ለማወቅ የአንዱን ዓይን ሁለት ጎኖች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መጨበጥ ነው። ዓይኑ ጥቂት ብቻ ከተንቀሳቀሰ ልኩ ነው። በቀላሉ ከተጨበጠ ገና ነው። የመረቡ ቁመት ከቀነሰና ወገቡ ከሰረጎደ ግን ከልኩ አልፏል። አራት ማዕዘን ዓይን ባለው መረብ ደግሞ ሞገዶቹን ተመልከቱ። ከነበራቸው ጥልቀት ሢሶ ያህል ሲቀንስ ማቆም ይገባል። ሞገዱ ፈጽሞ ከጠፋ ሽቦው እንደ ላስቲክ የሚመለስበት ኃይል አብሮ ጠፋ።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲበርድ ያጥራል። በደጋው አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የ20 ሜትር ሽቦ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲቀንስ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ይህ ትንሽ ይምሰላችሁ እንጂ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ሽቦ በማይነቃነቁ ቋሚዎች መካከል ከሆነ፣ ከነበረው መወጠር ሌላ ወደ 35 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት እንደ ተንጠለጠለበት ያህል ይስባል። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ የሚወጠር ሽቦ እስከ መጨረሻው አይጥበቅ።

መደረግ የሌለበት

ከተወጠረ ሽቦ ጋር ቀልድ የለም። ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ዐይን ያጠፋል። የሚጠመዝዘው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ፊቱንም ከገመዱ መስመር ያርቅ። ሌሎች ሰዎች፣ በተለይም ልጆች፣ ከአጥሩ ይራቁ። የተጠመዘዘ ዱላ ከእጅ ካመለጠ በኃይል ተሽከርክሮ ክንድ ሊሰብር ስለሚችል፣ ሳይታሰር ለአፍታም እንኳ አይለቀቅ።

በሬ ጠምዶ ሽቦ ማስሳብም ትልቅ ስሕተት ነው። በሬ በድንገት ይስባል እንጂ በልክ አይስብም፤ ሲደነግጥም ቋሚውን፣ ሽቦውንና ራሱን ይጎዳል። እንዲሁም የቤት ምሰሶን ወይም የጎረቤትን ዛፍ ችካል ማድረግ አይገባም።

ከተሠራ በኋላ

አዲስ አጥር ከአንድ ወር በኋላ መታየት አለበት። የጉድጓዱ አፈር ስለሚሰምጥ እንደገና ይጠቅጠቅ። መሬቱ መረሬ ከሆነ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ቋሚዎቹ ይነቃነቃሉ፤ ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም መጨረሻና ጥር ላይ መመልከት ይበጃል። ከላላ ፌሮዎቹን መልሶ ሰክቶ ማጥበቅ እንጂ አጥሩን ሁሉ መፍታት አያስፈልግም። ከመካከል የተወጠረ አጥር አንዱ ጥቅሙም ይህ ነው።

ማጠቃለያ

የአጥር ዓላማ የራስን ንብረት ከጉዳት መጠበቅ ነው። ሲሠራ የጎረቤትን ንብረት የሚጎዳ ከሆነ ግን ገና ሳይቆም ጠብን ያመጣል። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ ድንበሩን አብራችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያም በገዛ ጓሯችሁ ውስጥ ቆማችሁ ወጥሩ። የአንዱ ጓሮ ሲታጠር ሌላው አይቶ እንዲማር ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች ተሰብስባችሁ ብትሠሩ፣ ፌሮውና ገመዱም በተራ ለሁሉ ይደርሳል።

ጥያቄዎች

1/ ከጫፍ ቋሚው ወዲያ ቦታ ከሌለ ሽቦው ከየት ይወጠራል?
2/ በጉድጓዱ ሥር የሚገባው ድንጋይ በየትኛው ወገን ይቀመጣል? ከመሬት ፊት አጠገብ ያለውስ?
3/ ሁለቱ ገመዶች እኩል ካልተጠመዘዙ ምን ጉዳት ይደርሳል?
4/ ከመወጠሩ በፊት በመካከል ቋሚዎች ላይ ምስማር የማይመታው ስለ ምንድን ነው?
5/ የእናንተ ጓሮ ሊታጠር ቢሆን መገናኛውን በየትኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ታደርጉታላችሁ? በእግራችሁ ለክታችሁ መልሱ።